አሥራ ሁለት እርምጃ

ይድረስ ለእናቴ፣ ከአንድዬ ልጅሽ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን አሁንም የሚያምሽ ከሆነ ሳትደብቂ ንገሪኝ። ጣሪያው ተጠገነ ወይስ አናጺው አሁንም ነገ ነገ ይልሻል? ዶሮዎቹ፣ ያቺ ነዝናዛ ጎረቤትሽ፣ የጓሮው ሎሚ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ጓሮ የተዘረጋው የልብስ ማስጫ ገመድስ፣ እስካሁን ልብስ ይሰጣበታል? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም። የራሴን ደህንነት መጻፍ ያለብኝ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ ያንቺን ጤና እየጠየቅሁ ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው።

እኔ ደህና አይደለሁም፣ እማዬ።

ፊደሉን ይህን ያህል አግዝፌ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነው። እንደ ሌላ ጊዜው ለመምህሩ ወስደሽ አታስነብቢው። መነጽሬ ጠፋ ብለሽም እንዳታመካኚ፤ ከትራስሽ ሥር ነው ያለው። በሩን ዝጊና ብቻሽን፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ያልደወልኩልሽ የጎረቤትሽ ጆሮ ከስልክሽ ስለማይርቅ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፤ ከእሁድ አያልፍም ብሎኛል።

ባለፈው ወር ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ወደ ቢሮ ተዛወርኩ፣ አደግሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አንቺም ደስ ብሎሽ መርቀሽኛል። ያን ምርቃት ምን እንደማደርገው አላውቅም። አላደግሁም። ያስቀመጡኝ የጠፉ ዕቃዎች የሚከማቹበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጃንጥላና አንድ እግር ካልሲ፣ አንድ እጅ ጓንት እየመዘገብኩ እውላለሁ። እዚያ የተጣልኩት በእኔ ምክንያት ሰው ስለሞተ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም፤ አንቺም ከመሬት በታች የሚባል ነገር መስማት ስለማትወጂ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሥራውን ያገኘሁ ቀን ያልሽኝን አልረሳሁትም። ከመሬት በታች ሬሳ ይቀበራል፣ ድንች ይተከላል፤ ሰው ግን ምን ቆርጦት ይገባል አልሽኝ። እኔም እየሳቅሁ፣ እኔ እኮ ታች አልወርድም፣ የምቆመው አፉ ላይ ነው ብዬ አጽናናሁሽ። እውነቴን ነበር። የእኛ ጣቢያ ጥልቅ ነው። ከቲኬት በሮቹ አልፎ ሦስት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ጎን ለጎን ወደ ባቡሮቹ ይወርዳሉ። አንዱ ሁልጊዜ ሰው ያወጣል፣ አንዱ ሁልጊዜ ያወርዳል። መካከለኛው ግን እንደ ሰዉ ብዛት አቅጣጫው ይለወጣል፤ ጠዋት ወደ ሥራ የሚገባውን ያወጣል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ያወርዳል። እሱን ማስለወጥ የእኔ ሥራ ነበር፤ በየቀኑ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አዲስ ሰው እንዳይገባበት ላይና ታች ሰንሰለት ይዘረጋል። በላዩ ያሉት ወጥተው እስኪያልቁ ይጠበቅና ደረጃው ይቆማል። ከዚያ እኔ ከቲኬት በሩ ተነስቼ እስከ ደረጃው አፍ ድረስ እሄዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እስከ ታች አያለሁ፣ ማንም እንደሌለ ሳረጋግጥ በሬዲዮ ባዶ ነው እላለሁ። ታች ሞተር ክፍል ውስጥ ያሉት መካኒክ ቁልፉን ያዞራሉ። እሳቸው ካሉበት ደረጃው አይታይም፤ የሚያዩት በእኔ ዓይን ነው። ከበሩ እስከ ደረጃው አፍ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አሁን ነው የቆጠርኩት።

በስድስት ዓመት ውስጥ ግን እግር ይሰንፋል፣ ጆሮ ይማራል። ሰው የተሸከመ ደረጃ ያቃስታል፤ ባዶ ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል። ይህን ያስተማሩኝ መካኒኩ ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ግራሶ ነው የምንላቸው፤ እጃቸው ከሞተር ቅባቱ፣ ከግራሶው፣ ጸድቶ ስለማያውቅ፣ የጨበጡት ሰው ሁሉ አሻራቸውን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። አንድ ቀን ዓይኔን አስጨፍነው አሁን ስንት ሰው አለበት አሉኝ። ሦስት አልኩ። ሦስት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው ሁሉ በጆሮዬ ሻይ ይወራረድ ጀመር። እኔም ኮራሁ። ሰው በምን በምኑ ይኮራል፣ እማዬ! እግሬን አሳርፌ፣ ከበሩ ሳልነቃነቅ፣ በጆሮዬ ብቻ ባዶ ነው ማለት ለመድኩ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም፤ እስከዚያ ማክሰኞ።

የልጅ ልጅሽ ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ አበባ ሻጯ ጋ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀኝ። ስለ አበባ ሻጯ ጽፌልሽ አውቃለሁ፤ ሦስተኛው መውጫ አፍ ላይ ባልዲዎቿን የምትደረድረው፣ አንድ ዘለላ ለሚገዛ ሁለት ምክር የምትመርቀው ሴትዮ። ያን ቀን ግን ሚጡ አልጠበቀችም። ከመንገዱ ወደ ቲኬት አዳራሹ እየዘለለች ወርዳ በሩ ጋ መጣችና፣ እማዬ ነይ እይኝ፣ ነይ እይኝ አለች። ጥርሷ ወልቆ ነበር። በመዳፏ ይዛዋለች፣ አፏም ጥርሷም እኩል ይስቃሉ።

ሰንሰለቱን ዘርግቻለሁ፣ ሰዉ ወጥቷል፣ ድምፁ ቀጥኗል። አቁሙ አልኩ፤ ቆመ። ደረጃው በግራዬ ነው፣ ልጄ በቀኜ። ወደ ቀኝ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ አፏን እያየሁ፣ በሬዲዮው ባዶ ነው አልኩ።

ባዶ አልነበረም። አንዲት ባልቴት ነበሩበት። ከታች ሰንሰለቱ ሊዘረጋ ሲል የመጨረሻ ሆነው የገቡ ናቸው፤ ከሲታ፣ እንዳንቺ አጥንታቸው የሚቆጠር። ደረጃው መሃል ላይ ቆሞባቸው በእግራቸው መውጣት ስላቃታቸው፣ መደገፊያውን ይዘው እንደገና እስኪነሳ ይጠብቁ ነበር። ማንንም አልጠሩም፤ ምናልባት ሰው ላለማስቸገር ይሆናል። ክብደት ስላልነበራቸው ጆሮዬ አልሰማቸውም። ደረጃው ወደ ታች ሲነሳ ወደ ኋላቸው ወደቁ። ያን ድምፅ አልጽፍልሽም። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ዐረፉ።

አንድ እግር ጫማቸው አሁን እኔ ባለሁበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት የመዘገበው ሰው ጥቁር፣ የሴት፣ የግራ ብሎ ጽፎበታል። ተረከዙ በአንድ በኩል አልቋል። ጠዋት ስገባ እሱን ሳላይ ወንበሬ ላይ ልቀመጥ እሞክራለሁ፤ አልችልም።

በሳምንቱ ልጃቸው መጣ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ያኔ ገና ከበሩ ላይ አላነሱኝም ነበር። ከአበባ ሻጯ ነጭ አበባ ገዝቶ ወደ እኔ መጣና መካከለኛው ደረጃ የቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት። አመሰገነኝ። እማዬ፣ አመሰገነኝ እኮ ነው የምልሽ! አበባውን የት እንደሚያኖር ግራ ገብቶት፣ ሰዉ እየገፋው፣ ደረጃው እየሄደ፣ ብዙ ቆሞ ቆሞ በመጨረሻ ይዞት ተመለሰ። እኔም ቲኬት ማየቴን ቀጠልኩ።

ለምን አልተናገርሽም ትዪኛለሽ። አጣሪዎቹ ሲመጡ ጋሽ ግራሶ ቀደሙኝ። ሬዲዮው ይንጫጫ ነበር፣ ባዶ ነው ያለች መሰለኝ እንጂ አላለችም ብለው ፈረሙ። ከዚያ ጥግ ወስደውኝ፣ እኔ ልጆቼን አሳድጌ ጨርሻለሁ፣ አንቺ ጥርሷ ገና የሚወልቅ ልጅ አለሽ፣ ጆሮሽንም ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ ዝም በይ፣ ሆድ ይፍጀው አሉኝ። ያንቺን ቃል ነው የተናገሩት። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ ከአፍሽ፤ ሰዎች ስለ አባቴ ሲጠይቁሽ፣ ሆድ ይፍጀው። እኔም እንዳሳደግሽኝ ዝም አልኩ። ዝምታው ለመድኃኒት ያህል እንኳ አልጠቀመኝም፤ የሚፈጀው ሆድን ነው ለካ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ እኔ የሚሉትን መጨረሻ ላይ የምሰማው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ጆሮዬን ያደነቀ ሰው አሁን ስገባ ወሬ ይቀይራል። እነሱ ያውቃሉ፤ ማን ነው የማያውቀው? ከበሩ ሳልነቃነቅ ባዶ ነው ስል ስንት ጊዜ አይተውኛል።

እኔን ጉዳዩ እስኪጣራ ብለው ወደ ዕቃ ክፍሉ አዛወሩኝ፤ ጋሽ ግራሶን ግን ከሥራ አግደዋቸዋል። ቤት መዋል ስለማይሆንላቸው በየቀኑ መጥተው ከጣቢያው በላይ ያለው አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አደባባዩ እንግዳ የማይጠፋበት ነው። ፈረሰኛው የወደቀበት የነሐስ ፈረስ አለ፣ ርግብ የሚታጠብበት ፏፏቴ አለ፣ የትያትር ቤቱ ሰዓት አለ፤ ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ፣ ማንም የማያስተካክለው። ማዶ ደግሞ አረንጓዴ ጉልላት ያለው ትልቅ ሕንጻ አለ። እንግዶች ከፈረሱ ቀጥሎ ፎቶ የሚያነሱት እሱን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነው ብለው ሲጠይቁኝ አሳይቻቸዋለሁ፣ የምን ቤት እንደሆነ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ፍርድ ቤቱ ነው። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጋሽ ግራሶ እዚያ ይቀርባሉ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስነሳ ጨበጡኝ። እጃቸው ንጹሕ ነው፣ እማዬ። አንድ ወር ሙሉ ሞተር ሳይነኩ ቀርተው ግራሶው ለቋቸዋል። የጣቶቻቸውን ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። መዳፌን ባየው ምንም አሻራ የለበትም። እዚያው አደባባዩ መሃል፣ ሰው ፎቶ ሲነሳ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ የሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት።

ሐሙስ ለምስክርነት ስጠራ ባዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላይ ነው ያልኩት ብዬ እናገራለሁ። ጠበቃው ጥሩ ሰው ነው፣ አላባበለኝም። ሰው ሞቷል፣ አንድ ወርም ደብቀሻል፣ ያንን ከተናገርሽ በገባሽበት በር ላትመለሺ ትችያለሽ አለኝ። ልጅሽን የሚይዝልሽ ዘመድ አለ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። አባቷን ታውቂዋለሽ፤ ሄደ፣ ቀረ። አበባ ሻጯ እኔ ዘንድ ትሁን ብላ ተሟግታልኝ ነበር፣ ግን ዘመድ ካልሆነ አይሆንም፣ ወደ ሕፃናት ማቆያ ነው የሚወስዷት አሉኝ። ከአንቺ ሌላ ማንም የለንም። ዛሬ ማንም የለኝም ማለት ምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ልለምንሽ ነው። ረቡዕ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነይልኝ። መናኸሪያው ስትደርሺ በላይ መምጣት አትችዪም፤ ድልድዩ ለጥገና ተዘግቷል፣ ዞሮ የሚመጣው አውቶቡስ እስኪመሽ አይደርስልሽም። በባቡሩ ነው የምትመጪው፤ ከመሬት በታች። ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ፤ ቤታችን አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ አጥር ዙሪያ እንኳ ፊትሽን አዙረሽ ስታልፊ አይቼ ነው ያደግሁት። ሁለት ጣቢያ ብቻ ነው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ከፈራሽ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው፣ የሚስቅብሽ የለም። ግድግዳው ሰማያዊ የሆነበት ስትደርሺ ውረጂ። ተንቀሳቃሹን ደረጃ አትንኪው። በስተግራ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ዘጠና አራት እርከን ነው፣ በየሃያው ማረፊያ አለው። ጉልበትሽን እያሳረፍሽ ውጪ፣ ማንም አያጣድፍሽም። በሦስተኛው መውጫ ስትወጪ መጀመሪያ የሚያገኝሽ የአበባው ሽታ ነው። ሚጡ ባልዲዎቹ መሃል ተቀምጣ ትጠብቅሻለች። እኔ በዚያ ሰዓት ጠበቃው ጋ ነኝ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን እደርሳለሁ።

ሚጡ ብዙ ተለውጣለች፤ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ያን ቀን ባልቴቷ ሲወድቁ አይታለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ አዲሱ ጥርሷ እየወጣ ነው ግን ለማንም አታሳይም። ከትምህርት ቤት ስትመለስም አትጣራም፤ እስካያት ድረስ ዝም ብላ ትቆማለች። ባለፈው ሰኞ ፀጉሯን ሳበጥር፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እሳቸው የሞቱት እኔ ስለጠራሁሽ ነው ወይ አለችኝ።

አይደለም፣ አልኳት። ወዲያው ነው የመለስኩት። ግን ልጅ የዋዛ መስሎሻል? በመስታወቱ አየችኝ። አላመነችኝም። እንዴት ታምነኝ! እኔ ራሴ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

እማዬ፣ ገመዱን የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው።

አባቴ ታች የውሃ ጉድጓዱን ሲቆፍር አንቺ ላይ ሆነሽ ገመዱን ትይዢ ነበር። አፈሩን ትስቢ፣ እሱንም ታወጪው ነበር። ገመዱ በእጅሽ ውስጥ ሲነቃነቅ ምን እንደፈለገ ታውቂ ነበር፤ ውሃ ይሁን፣ ባልዲ ይሁን፣ መውጣት ይሁን። ሰዉ በእጅሽ ይደነቅ ነበር፣ እንደ እኔ ጆሮ። ከዚያ ገመዱ ተበጥሶ ሞተ ተባለ። አንቺም እንዲያ አልሽ፣ ሰዉም ተቀበለ፣ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲያ እያልኩ አደግሁ። ገመዱም ጓሮ ተዘረጋ፤ ገመድ አይጣልም ብለሽ።

አሥራ ሦስት ዓመት ልብስ አስጥቼበታለሁ። ከሎሚው እስከ ምሰሶው በመዳፌ አውቀዋለሁ። የትም ቦታ ቋጠሮ የለውም። ሁለቱም ጫፎቹ አባቴ ራሱ በሽቦ እንዳሰራቸው ናቸው።

ልጠይቅሽ አይደለም። እስከዛሬ አልጠየቅሁሽም፣ ረቡዕም አልጠይቅሽም። አልፈርድብሽምም፤ እኔ በማን ላይ እፈርዳለሁ? ግን አባቴ የሞተ ቀን ንብ ነድፋኝ እንደነበር ታስታውሺ ይሆን? ስድስት ዓመቴ ነበር። ሎሚው ሥር ሆኜ እማዬ ነይ፣ እማዬ ነይ እያልኩ ጮህኩ። መጣሽልኝ። ሮጠሽ ነው የመጣሽው። እጄን መጠሽ መርዙን ተፋሽልኝ፣ በቀሚስሽ ጫፍ እንባዬን ጠረግሽልኝ። እስካሁን ድረስ እንደዚያ ቀን በፍቅር የነካኝ ሰው የለም።

ስለዚህ ነይልኝ። ረቡዕ ማታ ከመተኛታችን በፊት ሚጡን ጭንሽ ላይ አስቀምጪና የጠየቀችኝን መልሺላት። አንቺ ስትነግሪያት ታምንሻለች። እኔ ሳህን እያጠብኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ምንም እንደማልሰማ ሆኜ እሰማሻለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ከሐሙስ በፊት ልስማው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ። ወርደሽ የምትወጪበትን አቅም ይስጥሽ፤ ለእኔም ሐሙስ እውነቱን የምናገርበት አንደበት ይስጠኝ። ዶሮዎቹን ለጎረቤትሽ አደራ ስጫት፤ ወዴት ነው ብትልሽ፣ የልጅ ልጄ ጥርስ አበቀለች፣ ላየው ነው በያት።

ያኔ የተጣራችው ልጅሽ